ከኒንቦ የመጡት የሠርግ ቀሚሶች

ሐሙስ፣ ከጠዋቱ አራት ሰዓት። በባህር ማዶው የሐበሻ ሰፈራችን፣ ፌርፋክስ ጎዳና ላይ ባለ የባህል ልብስ ሱቅ ከቻይናው የኒንቦ ወደብ የመጡ ካርቶኖች ተከፈቱ። የያዙት ለሙሽራ ዘመዶች የታዘዘ ቀሚስና ነጠላ ነው። ሠርጉ ቅዳሜ ነው።

ስለዚያ ወደብ የምጽፈው ዘገባ ተጠናቆ ነበር። ኒንቦ በሚያስተናግደው ጭነት ክብደት ከዓለም አንደኛ ነው። በዙሪያው ያሉ ከተሞች የሚያመርቱት፣ ከአዝራር እስከ ማሽን፣ በእሱ በኩል ይወጣል፤ የሰፈራችንም መደርደሪያ የሚሞላው በአብዛኛው ከዚያ ነው። የቀረኝ አንድ ካርቶን ሲከፈት ማየት ብቻ ነበር። ደክሞኝ ስለነበር ቶሎ አይቼ ልሄድ አስቤ ነበር።

ባለሱቋ አንዱን ቀሚስ አውጥታ ዘረጋችና ትከሻውን በጣቷ ዳሰሰች። ፋብሪካው፣ እንዳይንሸራተት ይመስለኛል፣ ነጠላውን ከቀሚሱ ትከሻ ጋር ሰፍቶታል። ጥለቱ አንገት ላይ ወጥቷል። ነጠላ እንዲህ ተዘቅዝቆ የሚለበሰው ለሐዘን ነው።

«የቱን ፎቶ ነው የላክሽላቸው?» አልኳት።

ስልኳን አሳየችኝ። እናቷ ያረፉ ጊዜ፣ ኢንግልዉድ፣ ለቅሶ ቤት የተነሳችው ፎቶ ነው።

«ጥለቱ ጥርት ብሎ የታየው እዚህ ላይ ነበር» አለች። «ሶ፣ ያዩትን ሰፉ። ምን ያድርጉ?»

የሙሽራዋ እናት ልብሱን ሊወስዱ ገቡ። አንዱን አንስተው አገላብጠው አዩት።

«ልጄን ልትድሪልኝ ነው ልትቀብሪልኝ?»

«እትዬ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ሪተርን አድርጌ…»

«ቻይና? በመርከብ ደርሶ እስኪመለስ ልጅቷም ትወልዳለች።»

ባለሱቋ አልሳቀችም። የሰፈሩ ሠርግ ልብስ የሚታዘዘው በእሷ በኩል ነው፤ ይህ ወሬ ከወጣ ማንም ተመልሶ አይመጣባትም። የሙሽራዋ እናት የባለሱቋን ፊት አዩና ወንበር ስበው ተቀመጡ። መነጽራቸውን አደረጉ።

«መቀስ አምጪ። ስፌቱ ከተተረተረ ነጠላ ነጠላ ነው። የሚያዘቅዝቀው ሰው ነው።» ወደ እኔ ዞሩ። «አንተስ? እጅህ ከእስክሪብቶ ሌላ አይዝም?»

ተቀመጥኩ። ስንተረትር ዋልን። የቻይናው ስፌት ጠንካራ ነው፤ ጣቴ ቆሰለ። ባለሱቋ አንዴ ብቻ ተናገረች፤ «እናቴ ብታየኝ ትስቅብኝ ነበር» አለች።

ቅዳሜ ፓሳዴና፣ አዳራሹ በር ላይ ቆሜ አየሁ። ሴቶቹ ሁሉ ጥለታቸው ወደ ታች ነው። ባለሱቋም አብራቸው ገባች። የሙሽራዋ እናት ቀሚስ ትከሻ ላይ፣ ስፌቱ በተተረተረበት፣ የመርፌው ቀዳዳ ይታያል።