ወርቄ ምግብ ቤቷን የዘጋችበት እሑድ

መካነ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ያለው የወርቄ ምግብ ቤት እሑድ ተዘግቶ አያውቅም። የወረኢሉ ሾፌር የእሷን ፍርፍር ሳይቀምስ መሪ አይጨብጥም። ያን እሑድ ግን በሩ ላይ ቁልፍ ተንጠለጠለ። መንገደኛው ደንግጦ «ማን ሞተ?» አለ። ማንም አልሞተም፤ ወርቄ ከልጇ ጋር ምሳ ልትበላ ፈልጋ ነው።

ልጇ ሀይማኖት ገና ድክ ድክ ስትል ወርቄ ለሥራ ጅዳ ሄደች። ልጅቷን ያሳደገቻት የባሏ የደሳለው እህት ፈንታዬ ናት። ወርቄ ተመልሳ ምግብ ቤቱን የከፈተችው ከእንግዲህ ከልጄ አልለይም ብላ ነበር። ምን ዋጋ አለው! ልጅቷ ሳትነቃ ትወጣለች፤ ከተኛች በኋላ ትገባለች። ጅዳ እያለች እንኳ በስልክ ይጫወቱ ነበር፤ አሁን እዚሁ ሆና ያም ቀረ። ወርቄ መጀመሪያ ሰሞን ታለቅስ ነበር። ኋላ ውስጧ ደነዘዘ። «ልጅሽ እንዴት ናት?» ሲሏት «ደህና ናት» ትላለች፤ ደህንነቷን የምትሰማው ግን ከፈንታዬ ነው። ይህች ምሳ ትንሽ ብታቀራርበን ብላ ነው በሩን የዘጋችው።

ከቤተ ክርስቲያን መልስ የበግ ወጥ ሠራች። እጇ በሙያ አይታማም። ለደሳለው አንድ ሰሃን፣ ለፈንታዬ አንድ ሰሃን፣ ለሀይማኖትም አንድ፣ ጥቅልል እንጀራ በየጎኑ አድርጋ ለየብቻ አቀረበችና የውሃ ጆግ ይዛ በር በሩን እያየች ቆመች። ጉድ እኮ ነው፤ በገዛ ቤቷ አስተናጋጅ!

«ምነው፣ ተጣልተናል እንዴ?» አለ ደሳለው።

ሀይማኖት ሰሃኗን አየች፤ አባቷን አየች። «ከማን ጋር ነው የምበላው?» አለች። ለብቻዋ በልታ አታውቅም።

ወርቄ ያደረገችው ያኔ ገባት። ለራሷማ ሰሃንም አላስቀመጠችም። ማፈር ነበረባት፤ ግን ምንም አልተሰማትም።

«አብሽሪ፣ ለምዶብሽ ነው» ብሎ ደሳለው ሁሉንም ትሪ ላይ ገለበጠው። «በይ ነይ፣ ቁጭ በይ።»

ተቀመጠች። ፈንታዬ ልጅቷን በክርኗ ጎሸም አድርጋ «እማዬን አጉርሻት እንጂ» አለቻት። ሀይማኖት ትንሽ አመነታች። ከዚያ ከእጇ የሚበልጥ ጉርሻ ጠቅልላ ዘረጋች። እናቷ ከጅዳ ከመጣች ወዲህ አጉርሳት አታውቅም። ወርቄ ተቀበለች፤ አላመጠች።

«ጨው ያንሰዋል» አለች።

የልጅቷ ፊት ጠቆረ። «እኔ መች ሠራሁት? አንቺ ነሽ እኮ!»

ወርቄ ማልቀስ ፈለገች፤ እንባው ግን አልመጣ አላት። የጎረሰችውን ዋጠች። ጉርሻ አንድ ብቻ አይሆንምና አፏን ደግማ ከፈተች። ሀይማኖት ሁለተኛውን ለፈንታዬ እያጎረሰች ነበር።