የተቀበረው መሣሪያ ዘበኛ

ባሌ አበረ መቀመጥ አይሆንለትም። በሬ ወግቶት እግሩ ከተሰበረ ወዲህ ማረስ ቢያቅተውም፣ እያነከሰ ግቢውን ሲዞር ነው የሚውለው። እኔ ሚስቱ ፍቅርአዲስ፣ ተረጋግቶ እህል ሲበላ እንኳ አይቼው አላውቅም።

ከሮብ ገበያ በላይ፣ ከመንገድና ከወፍጮ ርቆ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ የሚመዘግብ መሣሪያ ሊተከል ሲመጣ ዘበኛ ሆኖ ተቀጠረ። ጉድጓዱ እስከ ዓለቱ ተቆፈረ፤ መሣሪያው ነፋስና ብርድ እንዳያገኘው በወፍራም ስፖንጅ ተሸፍኖ አፈር ለበሰ። ተመስገን አልኩ። ያ ሥራ ባይገኝ መሬታችንን ለሰው ሰጥተን ከነልጆቻችን ከተማ መሰደዳችን ነበር።

ጥምቀት ካለፈ በኋላ ባለሙያዋ እየሩስ ከደብረ ማርቆስ ፊቷ ጠቁሮ መጣች።

«ጋሽ አበረ፣ መሣሪያው ቀን ቀን ይረበሻል። የሚረብሸውን ካላገኘን ነቅለን ሌላ ቦታ መውሰዳችን ነው» አለችው።

አበረ በጎረቤት ሁሉ ላይ ተነሣ። የዚህን ከብት አባረረ፣ የዚያን አውድማ ረገመ። እየሩስ ላፕቶፗን ድንጋይ ላይ ከፍታ ስታይ መሣሪያው የሚያሰፍረው መስመር አሁንም ይዘላል። ቀና ስትል የኔ ሰው በዱላው መሬቱን እየመታ ጉድጓዱን ይዞራል፤ የየዕለት ሥራው ነው።

«እስኪ ይቁሙ» አለችው። ቆመ። መስመሩ ተኛ።

«እስኪ ይራመዱ።» መስመሩ ዘለለ።

ሳቄ መጣ። ፊቱን ሳይ ግን ዋጥኩት። ዱላውን ዘረጋላት።

«በቃ ልጄ፣ ሌላ ሰው ፈልጊ። ቁጭ ብሎ ደመወዝ መብላት ነውር ነው።»

እየሩስ ዱላውን አልተቀበለችም። «ከማዶው ጉብታ ሆነው ሁሉም ይታይዎታል። ሰውና ከብት እንዳይቀርብ እዚያ ተቀምጠው ይጠብቁልኝ» ብላ እጁን ይዛ ወሰደችው። እንደ ተቀጣ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ተቀመጠ።

ብዙም ሳይቆይ ላፕቶፗን ታቅፋ እየሮጠች ወደ እሱ ሄደች፤ እኔም ተከተልኳት። ከምሥራቅ በኩል የመጣ፣ ለኛ ያልተሰማን ትንሽ መንቀጥቀጥ መስመሩ ላይ ጥርት ብሎ ወጥቷል።

«ይህን ያየነው እርስዎ ስለተቀመጡ ነው፤ እግዜር ይስጥልኝ» አለችው።

አበረ ዱላውን ጭኑ ላይ አጋድሞ መስመሩን ለማየት አጎነበሰ። እኔ ግን አለቀስኩ። እግሩ ከተሰበረ ወዲህ ሰው ሁሉ «አይዞህ» ነው የሚለው። ያመሰገነችው እሷ ናት፤ ይህን ውለታዋን መቼም አልረሳውም።