ኮምፒውተሩ ያላገኘው በሽታ

ይህ የደረሰብኝ ያለፈው ክረምት ሊወጣ ሲል ነው። እስከ ዛሬ ታክሲ ውስጥ አንድ ሰው "መስኮቱን ዝጉልኝ፣ ብርድ መታኝ" ባለ ቁጥር ትዝ ይለኛል። መጀመሪያ ሳቄ ይመጣል፤ ቀጥሎ በራሴ እናደዳለሁ።

የምኖረው እንጦጦ ሥር፣ ቁስቋም ነው። የፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ሃያ ምናምን ዓመት ሙሉ ሙቀት ከየት ወደ የት እንደሚሄድ ለልጆች ሳስረዳ ኖሬአለሁ። ይህን ልብ በሉልኝ፤ በኋላ የማፍርበት ነገር ስለሆነ ነው።

የባለቤቴ የሳራ ወንድም ወደ ውጭ ሲሄድ መኪናውን ጥሎልን ሄደ። መኪና ስል እንዲሁ መኪና እንዳይመስላችሁ። ትልቅ፣ ከፍ ያለች፣ ወንበሯ ቆዳ፣ ጣሪያዋ የሚከፈት፣ በቤንዚንም በባትሪም የምትሄድ ሃይብሪድ ናት። በጉብዝናዋ ዘመን ባለሥልጣን ሳይቀር ዞር ብሎ ያያት ነበር አሉ። እኛ ጋ ስትደርስ ግን በዕድሜ የመጀመሪያ ልጄን ትበልጠው ነበር፤ እሱ ደግሞ ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ ገብቷል።

"ለአባባ መመላለሻ ትሁን። ምንም የላትም፣ ዘይት ብቻ ቀይሩላት" ብሎ ቁልፉን ሰጠን። እግዜር ይስጠው። ያን ቀን አቅፌ ስሜዋለሁ።

አባባ የምንላቸው የሳራን አባት፣ አባባ ደበላን ነው። አርባ ዓመት የእንጦጦን ደን ሲጠብቁ የኖሩ ሰው ናቸው። ክረምቱ ሲገባ ጭቃ አንሸራትቷቸው ወደቁና ዳሌያቸው ተሰበረ። ቀዶ ሕክምናው በደህና አለፈ። ከዚያ በሳምንት ሦስት ቀን ጳውሎስ ሆስፒታል አካባቢ እየወረዱ ፊዚዮቴራፒ እንዲሠሩ ታዘዘላቸው። ሐኪሟ ቁርጡን ነገረችን፤ ሳያቋርጡ ከተመላለሱ በእግራቸው ይሄዳሉ፣ ካቋረጡ ግን እግሩ እንደደረቀ ይቀራል።

ዳሌያቸውን ብዙ ማጠፍ ስለተከለከሉ ትንንሾቹ ታክሲዎች አይሆኗቸውም። የኛዋ እመቤት ግን ከፍ ያለች ስለሆነች ወንበሯ ላይ ቁጭ ብሎ እግር ማስገባት ብቻ ነው። ያውም ከኋላ። የፊት ወንበሯ በኤሌክትሪክ ነው የሚንቀሳቀሰው፤ የወንበሩ ሞተር ተበላሽቶ ወደ ፊት እንደተገፋ ቀርቷል። እዚያ የሚቀመጥ ሰው ጉልበቱን ቤቱ ትቶ መምጣት አለበት።

የአባባን ጠባይም ልንገራችሁ። ሰው ማስቸገር ከሞት ይከብዳቸዋል። ውሃ ቢጠማቸው እንኳ አንዱ ለራሱ ጉዳይ እስኪነሳ ጠብቀው ነው "ከተነሳህ አይቀር" የሚሉት።

ምንም የላትም የተባለችው መኪና በመጀመሪያው ሳምንት ትንሹ ባትሪዋ ሞተ። የቅንጦት መኪና በሯን የምትከፍተው በኤሌክትሪክ ነው፤ ኤሌክትሪክ ከሌለ ባለቤቷንም አታውቅም። በሁለተኛው ሳምንት በአየር የሚነፋው የኋላ አሞርዛተር ማፍሰስ ጀመረ። ጠዋት ስንነሳ አንድ ጎኗን ጥላ ተኝታ እናገኛታለን። ከሶማሌ ተራ ያገለገለ መለዋወጫ ተፈልጎ ተገጠመላት። በሦስተኛው ሳምንት ፍሬን ስይዝ እንደ ንብ ቀፎ መጮህ ጀመረች።

ኤፍሬም የሚባል መካኒክ አለኝ። ጨዋ ልጅ ነው፤ በኮምፒውተሩ ብቻ ነው የሚያምነው። መኪናዋ ላይ ይሰካዋል፣ ስክሪኑን ትክ ብሎ ያያል፣ ከንፈሩን ይመጥጣል። ከዚያ "ሴንሰር ነው፣ ቲቸር" ይላል። ባትሪው ሴንሰር ነው። አሞርዛተሩ ሴንሰር ነው። እኔ ራሴ ራስ ምታት እንዳለብኝ ብነግረው ሴንሰር ነው ማለቱ አይቀርም ነበር።

ይህ ሁሉ ግን ጉንፋን ነበር። ዋናው በሽታ የመጣው በኋላ ነው።

አንድ ቀን አባባን ይዤ ስመለስ የቁስቋም ዳገት እኩሌታ ላይ ስንደርስ ዳሽቦርዷ ላይ ቀይ ሦስት ማዕዘን በራ። መኪናዋ ጉልበቷ ከዳትና ቀጥ አለች። ከኋላችን ያለው ታክሲ ጡሩንባውን ለቀቀው። ግማሽ ሰዓት ያህል ጠበቅን። ብርድ ስለሆነ አባባ ሹራባቸውን ለበሱ። ደግሜ ባስነሳት ምንም እንዳልሆነ ሰው ተነሳችና ቤታችን አደረሰችን።

በሚቀጥለው ቀን ኤፍሬምን ይዤ ያንኑ ዳገት ወጣሁት። እንደ ሚዳቋ ነው የወጣችው። "አየህ፣ ቲቸር፣ ደህና ናት" አለኝ። በሚቀጥለው ጊዜ አባባን ስይዝ እዚያው ቦታ ላይ ቆመች።

እንዲህ ሆኖ ቀጠለ። ብቻዬን ስሆን ደህና፣ ከኤፍሬም ጋር ደህና፣ ከሳራ ጋር ቤተ ክርስቲያን ስንሄድ ደህና። አባባ ሲሳፈሩ ቀይ ሦስት ማዕዘን። ኤፍሬም ሴንሰር ቀየረ። የውሃ ፓምፕ ቀየረ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌዎች ለአባባ እግር ሊጸልዩ መጥተው መውጫቸው ላይ ለመኪናዋም ጸለዩላት። ጸሎቱ ለአባባ እግር ሠርቷል።

በመጨረሻ ኮምፒውተሩ "ትልቁ ባትሪ ይግላል" አለ። ይህ ባትሪ ከኋላ ወንበር ሥር ነው ያለው።

"ማራገቢያ የለውም እንዴ?" አልኩት ኤፍሬምን።

"አለው፣ ቲቸር። ይሠራል፤ እንዲያውም በኃይል ነው የሚሠራው። ባትሪው ራሱ አልቋል፤ ይቀየር።"

ያ ባትሪ በአስተማሪ ደመወዝ የሚቀየር ነገር አይደለም። ያን ሰሞን፣ ቀልድ አይደለም፣ በክረምት ትምህርት ክፍል ገብቼ የማስተምረው ምዕራፍ ሙቀት ነበር።

ሐሙስ ዕለት ነው። ዝናቡ ይወርዳል፣ አባባን ይዤ እየተመለስኩ ነው፣ ያችው ዳገት ላይ ቆመች። በዚህኛው ቀን ግን ለመነሳትም አሻፈረኝ አለች። ከኋላችን የቆመው ሰልፍ አይጣል ነው። አንድ የሰፈራችን ሰው በፒክአፑ ደረሰልንና ለሦስት ሆነን አባባን አንስተን በዝናብ ከመኪና ወደ መኪና አሻገርናቸው። ሲያማቸው ጥርሳቸውን ነከሱ። ቤት ደርሰው አልጋቸው ላይ ካረፉ በኋላ ጠሩኝ።

"ልጄ፣ ይቺ መኪና እኔ ስገባ ነው የምትታመመው" አሉኝ። "ብቻህን ስትሆን ደህና ናት። ከእንግዲህ አልሄድም። እስካሁን ያገኘሁት ይበቃኛል።"

ሳራ አለቀሰች። እኔም ልቤ ተሰበረ። እውነቱን ለመናገር ግን ልቤ ውስጥ አንድ ጥግ ላይ እፎይ ያለ ነገርም ነበረኝ። ይህን ጽፌ ካላመንኩ ቀሪው ታሪክ ዋጋ የለውም።

መኪናዋ ያን ማታ በስንት ልመና ተነስታ ቤት ገብታ ነበር፤ ቅዳሜ ልሸጣት ወሰንኩ። ደላላው "መጀመሪያ አሳጥባት፣ ዓይን ነው የሚገዛው" ስላለኝ ዳገቱ ሥር ወዳለው ላቫጆ ወሰድኳት። የላቫጆዋ ባለቤት ብርቄ በእኔ ዕድሜ ያለች ሴት ናት፤ ራሷ ነው የምታጥበው። ኮምፒውተር የላትም። በጉልበቷ ተንበርክካ ነው የምትሠራው። ከኋላ ወንበር ሥር ስትጠርግ ቆይታ ቀና አለች።

"ጋሼ፣ ይሄን እዚህ የወተፈው ማነው?"

አንድ ነገር እየጎተተች ነበር። መጀመሪያ እጅጌው ወጣ፣ ቀጥሎ ደረቱ፣ ቀጥሎ አንገቱ። አመድማ ሹራብ ነው፤ አባባ ደን ጠባቂ ሳሉ ይለብሱት የነበረው።

"ይሄኮ የባትሪዋ መተንፈሻ ነው" አለችኝ ብርቄ። "ሃይብሪድ ያላቸው ሰዎች እዚህ ጋ ውሃ እንዳታስነኪ እያሉ ይለምኑኛል። እርስዎ ጭራሽ ወትፈውላት።"

ሹራቡን ተቀበልኳት። ሁሉም ነገር አንድ በአንድ መጣልኝ። አባባ መኪና ውስጥ ሲገቡ "ሙቀት ተሰማኝ" ብለው ሹራባቸውን ያወልቃሉ። መኪናዋ ስትቆም መልሰው ይለብሱታል። ባትሪዋ አየር አግኝቶ ይቀዘቅዝና መኪናዋ ትነሳለች። ዝናብ እየወረደ፣ መስኮቱ ጉም ለብሶ፣ በዚያ ዕድሜ ያለ ሰው ሙቀት ተሰማኝ ሲል አንድም ቀን ለምን ብዬ አልጠየቅኩም። ሐሙስ ዕለት ለመነሳት አሻፈረኝ ያለችው ደግሞ በጥድፊያው ሹራቡን መልሰው ሳይለብሱት እዚያው ስለቀረ ነው።

ወደ ቤት ስመለስ ዳገቱን በአንድ ትንፋሽ ወጣችው። መንገዱን ሙሉ ንግግር ሳዘጋጅ ነበር። ንዴቴ ሌላ ነው። ስንት ፓምፕ፣ ስንት ሴንሰር፣ ስንት ቀን ዝናብ ላይ። ቤት ስገባ አባባ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል፤ የሚደገፉበት ዎከር ታጥፎ ከበሩ ኋላ ቆሟል። ሹራቡን ጭናቸው ላይ አስቀመጥኩት።

"አባባ፣ ይህን የት እንዳገኘሁት ያውቃሉ?"

"አዎ ልጄ። እዚያ ወንበር ሥር ንፋስ አለ። እግሬ ሥር ሽው ይላል። ዳሌዬ ላይ እንዳይገባብኝ ብዬ ነው።"

"እርስዎ አርባ ዓመት እንጦጦ ጫፍ ላይ ሲያድሩ ኖረው?"

"የውጭው ብርድ ፊት ለፊት ነው የሚመጣው፤ ትከላከለዋለህ። በቀዳዳ ሾልኮ የሚገባው ነው የሚገድለው።"

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?"

ሹራቡን ዳበስ ዳበስ አደረጉት። "በሳምንት ሦስት ቀን ሥራህን ትተህ ታመላልሰኛለህ" አሉ። "በዚያ ላይ ብርድ ብርድ አለኝ ልበልህ?"

ያዘጋጀሁትን ንግግር ተውኩት። አጠገባቸው ቁጭ ብዬ መኪናዋ እንዳልታመመች፣ መተንፈሻዋን ይዘውባት እንደነበር ቀስ ብዬ አስረዳኋቸው። እስከ መጨረሻው ሰሙኝ።

"አላልኩህም?" አሉ። "እኔ ስገባ ነው የምትታመመው ብዬህ ነበር።"

ብለውኝ ነበር። እኔ የፊዚክስ አስተማሪው፣ ኤፍሬም ከነኮምፒውተሩ፣ ሽማግሌዎቹ ከነጸሎታቸው ያላየነውን ያዩት እሳቸው ብቻ ናቸው። ከተማሪዎቼ አንዱ እንዲህ ያለ ምልከታ ቢያመጣልኝ ሙሉ ማርክ እሰጠው ነበር። አባባን ግን የሰማኋቸው እንደሚያማርር ሽማግሌ ነው።

ሰኞ ፊዚዮቴራፒ ሄድን። የፊት ወንበሩ ተሠራ፤ አሁን ከፊት ነው የሚቀመጡት፣ ጋቢ ጭናቸው ላይ አድርገው። መኪናዋ አሁንም ፍሬን ስይዝ ትጮኻለች፤ ጠዋት ጠዋት ደግሞ ትንሽ ወደ ቀኝ ታዘነብላለች። ኤፍሬም ነገሩን ስነግረው "እሱማ እኔም ሙቀት ነው ብዬህ ነበር" አለ። አባባ ዎከሩን ትተው በከዘራ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ድረስ ይሄዳሉ።

ዛሬም ሞተር አስነስቼ ከመንቀሳቀሳችን በፊት እጠይቃቸዋለሁ። "አባባ፣ ንፋስ ይገባል?"

"የለም ልጄ፣ ደህና ነኝ" ይላሉ። አንድም ቀን ይገባል ብለውኝ አያውቁም። ስለዚህ መልሳቸውን ሰምቼ፣ እጄን ሰድጄ እግራቸው ሥር ራሴ እዳስሳለሁ።