መምህር በዳሳና አገጭ የሌለው ራስ ቅል

መምህር በዳሳ ጉደታ ባለፈው ማክሰኞ ማለዳ ዐረፉ። መርዶው የደረሰኝ አሸዋ ሜዳ ላይ ታክሲ ስጠብቅ ነው። ታክሲው መጣ፣ ሞላ፣ ሄደ፤ እኔ ቆሜ ቀረሁ። በማግስቱ በትውልድ ቦታቸው በሱሉልታ ቀበርናቸው። ከዚያ ወዲህ መቀመጥ አልቻልኩም፤ እነሣለሁ፣ በር ድረስ እሄዳለሁ፣ እመለሳለሁ። ይህን የምጽፈው ቡራዩ ላይ ባዮሎጂ ላስተማሯችሁ፣ ለጎረቤቶቻቸው፣ በመንገድ «ኦቦ በዳሳ» እያላችሁ ሰላም ላላችኋቸው ሁሉ ነው።

ያን ራስ ቅል የማያስታውስ ተማሪያቸው የለም። ትምህርት ቤቱ ማስተማሪያ ሞዴል ስላልነበረው፣ መምህር የመጽሐፍ ሥዕል እያዩ ኒያንደርታል የሚባለውን የጥንት ሰው ራስ ቅል በጀሶ ሠሩ። ነጭነቱ አላስደሰታቸውምና የዱሮ አጥንት እንዲመስል በሻይ ቀቡት። ከዓይኖቹ በላይ እንደ በረንዳ የወጣ ወፍራም አጥንት፣ ወደ ኋላ የተኛ ግንባር፣ ሰፊ የአፍንጫ ቀዳዳ ነበረው። አገጭ ግን አልነበረውም። ልዩነቱን ለማሳየት ሁልጊዜ የሚጠሩት እኔን ነበር፤ አገጬ ረጅም ነውና። ከቅሉ አጠገብ ያቆሙኝና «ይህ ልጅ ወደ ክፍል ሲመጣ መጀመሪያ የሚገባው አገጩ ነው» ይላሉ። ክፍሉ ይስቃል፤ እኔም እስቃለሁ።

አንድ ቀን ወደ ድንጋይ ካባው ይዘውን ወጡ። አቧራ በለበሱት ሠራተኞች ፊት ቆመው፣ ጀርመን አገር ኒያንደር በሚባል ሸለቆ እንደ እነዚህ ያሉ ድንጋይ ፈላጮች ከዋሻ ውስጥ አጥንት እንዳወጡ፣ የድብ አጥንት እንደመሰላቸው፣ የጥንት ሰው መሆኑን የለየው የዚያው አካባቢ መምህር እንደሆነ ነገሩን። «መምህር» የሚለው ላይ ሲደርሱ ኮታቸውን አስተካከሉ። ብዙ ምሁራን ግን አላመኑም፤ አንዱ በሽተኛ ነው አለ፣ ሌላው ዋሻ ገብቶ የሞተ የባዕድ አገር ወታደር ነው አለ። «አንጎሉ ከእኛ አያንስም፤ ቁስለኛውን ያስታምም ነበር። ሰው ነው ለማለት ግን ስንት ጊዜ ፈጀባቸው» ሲሉ ድምፃቸው ውስጥ ቁጣ ነበር።

ከዚያ በአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ላይ የተነሣው ተቃውሞ መጣ። መንገድ ተዘጋ፣ ትምህርት ተቋረጠ፣ ስልኩ አንዴ ይሠራል፣ አንዴ ይጠፋል። እኔንም ከሌሎች ልጆች ጋር የጸጥታ ኃይሎች ከመንገድ አፍሰው ወሰዱኝ። የት እንዳለሁ ለእናቴ የነገራት አልነበረም። በዚያው ሰሞን መምህር ቅሉ እንዳይሰበር ብለው ወደ ቤታቸው ሊወስዱት በማዳበሪያ ከረጢት ከተው ሚኒባስ ተሳፈሩ። ፍተሻ ላይ ከረጢቱ ተፈታ። ፈታሾቹ ደንግጠው ጠመንጃ አቀባበሉ፤ መምህርም መሬት ላይ ተቀምጠው ጀሶ መሆኑን ሲያስረዱ ዋሉ። ሲመሽ ለቀቋቸው። ወሬው ግን ቀድሟቸው ከተማ ገብቷል፤ በከረጢት የልጅ ራስ ተገኘ ተብሏል።

እናቴ ነጠላዋን እንኳ ሳታስተካክል ሮጣ በራቸውን ደበደበች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ «ኦቦ በዳሳ፣ የልጄን ያሳዩኝ» አለቻቸው። ጀሶ ነው ቢሏት አላመነችም። አስቀመጧትና ቅሉን አምጥተው ጭኗ ላይ አኖሩት። እጇን ይዘው በወፍራሙ አጥንት፣ በተኛው ግንባር ላይ አሳለፉት፤ ከዚያ ወደ ታች አወረዱት።

«አዴ ጫልቱ፣ አገጩን ይፈልጉ» አሏት።

ዳሰሰች። መልሳ ዳሰሰች። «የለውም» አለች።

«የልጅዎ አገጭ እንዲህ ተፈልጎ ይታጣል?»

እናቴ ሳቀች፤ ከዚያ ሁለቱም አለቀሱ። ይህን የነገረችኝ እሷ ናት።

በማግስቱ መንገዱ ገና በቅጡ ሳይከፈት አብረዋት ወጡ። ሰበታ ድረስ በእግርም በመኪናም እየሄዱ፣ በየእስር ቤቱ በር ስሜን እየጠሩ ጠየቁ። አንዳንዱ አመናጨቃቸው፤ እሳቸው ግን ሌላ በር ይሄዳሉ። እኔ ከወራት በኋላ ተመለስኩ። ያልተመለሱም አሉ። መምህር ክፍል ገብተው ስም ሲጠሩ የእነዚያን ስም አይዘሉም ነበር። ይጠሩና ዝም ብለው መልስ ይጠብቃሉ፤ እኛ ወንበራችን ላይ እንቁነጠነጣለን። ያ ዝምታ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም። እሳቸውንም የለቀቃቸው አይመስለኝም።

መምህር፣ በመጨረሻ ዓይንዎ ደክሞ ሰውን በድምፁ ብቻ ይለዩ ነበር። እኔን ግን ድምፄን አይጠብቁም። እጅዎን ዘርግተው አገጬን ይይዙና «መጣህ?» ይሉኛል። ሱሉልታ ላይ ሳጥኑ ሲወርድ ጎንበስ ብዬ ተጠጋሁ፤ ሰዎች የምወድቅ መስሏቸው ያዙኝ። ልወድቅ አልነበረም፤ አገጬን ላቀርብልዎ ነበር። መጥቻለሁ፣ መምህር። እናቴም መጥታለች። አሁን ይረፉ።