ያልቀመሰችው ቀሪቦ

ይህን ለእናቴም ለባሌም ተናግሬው አላውቅም። አላህ ያውቀዋል፤ ሰው ሲሰማው ግን ይህ የመጀመሪያው ነው። ዛህራን ነፍሰ ገዳይ ያሰኘኋት እኔ ነኝ።

ደሴ፣ ሰፈራችን ውስጥ «መርማሪዋ» ነበር የምባለው። የአክስቴን የጠፋ የወርቅ ጉትቻ ከዱቄት ውስጥ ካወጣሁ ወዲህ ዶሮ የጠፋበት ሁሉ እኔን ያስጠራ ነበር። እነሱ እየሳቁ ነው የሚጠሩኝ፤ እኔ ግን የምር አድርጌ ያዝኩት።

ኮምቦልቻ ላይ የአጎቴ ልጅ ስትዳር የሙሽራው አጎት ጋሽ ሰይድ ምሳ በልተው፣ ቀሪቦ ጠጥተው ብዙም ሳይቆዩ ተዝለፍልፈው ወደቁ። ሐኪም ቤት እንደደረሱ ሞቱ። ሐኪሙ የጠጡት መርዝ ነው ማለቱ ሲሰማ ዳሱ በጩኸት ተናወጠ። ቀሪቦውን የቀዳችላቸው አብሮ አደጌ ዛህራ ነበረች።

በእኛ አገር መጠጥ የምትቀዳ ሴት የእንግዳው ልብ እንዲያርፍ መጀመሪያ በመዳፏ ጠብ አድርጋ ትቀምሳለች። ዛህራ ያን ቀን አልቀመሰችም፤ አይቻታለሁ። ሽማግሌዎቹ ፊት አቁሜ «ለምን አልቀመስሽም?» አልኳት። አንገቷን ደፋች። ደግሜ ጠየቅኋት። እንባዋ ወረደ እንጂ ቃል አልወጣትም።

«ማሻአላህ! ይህች ልጅ ከፖሊስም ትበልጣለች» አሉ አንድ ሽማግሌ።

ደስ አለኝ። ሰው ሞቶ እኔ ደስ አለኝ!

ፖሊስ እየተጠበቀ ሳለ ፀሐይ ጠልቃ የመግሪብ አዛን ተሰማ። ዛህራ ከማድቤቱ ጀርባ ብቻዋን ተቀምጣ አንድ ቴምር አፏ ውስጥ ስታደርግ አየኋት። ቀና ስትል ዓይን ለዓይን ተጋጨን። ለካ ጾመኛ ነበረች። ረመዳን ሊገባ ጥቂት ቀን ነበር የቀረው፤ አምና በወር አበባ ያመለጧትን ቀናት እየጾመች ትከፍል ነበር። ይህን በዚያ ሁሉ ወንድ ፊት እንዴት አድርጋ ትናገረው? ወንዶቹ ባይገባቸው አይፈረድባቸውም። እኔስ? እኔ ሴት አይደለሁም? እኔስ ያልከፈልኳቸው ቀናት አልነበሩብኝም?

ለአንዲት ትልቅ ሴት በጆሮዋ ሹክ ብል ይበቃ ነበር። አላልኩም። ተሳስቻለሁ ማለት ሞት መሰለኝ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ፤ የእኔ ግን ወለምታም አልነበረም። አውቄ ነው ዝም ያልኩት። ጨለም ሲል ፖሊሶች መጥተው በመኪና ወሰዷት።

ማስረጃ ሲጠፋ ከብዙ ጊዜ በኋላ ተፈታች። እጮኛዋ ግን ቃሉን አጠፈ፤ ከእጇ ውሃ የሚቀበል ሰው ጠፋ። ኩታበር ዘመድ ዘንድ ገብታ ቀረች። እውነተኛውን ገዳይ የፈለገው የለም። ማን ይፈልገው? እኔ አግኝቼላቸው የለ!

በቀደም ኩታበር ሄጄ እግሯ ላይ ወደቅኩ። ጾመኛ መሆኗን ያኔውኑ ማወቄን ነገርኳት። አነሳችኝ።

«ማወቅሽንማ አውቃለሁ» አለች። «ወላሂ፣ መኪናው ላይ ሲጭኑኝ እንኳ አሁን መጥታ ታስወርደኛለች እያልኩ አንቺን ነበር የማይ።»

አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ልላት ነበር የሄድኩት። ሳልላት ተመለስኩ። እናንተም አውፍ አትበሉኝ።