ደብሬ ከትምህርት ቤት የቀረች ሰሞን

ዛሬም የፈረስ ቃጭል ስሰማ የያዝኩትን ጥዬ ወደ ደጅ እወጣለሁ። የምኖረው ዳንግላ ቤት ተከራይቼ ነው፤ እዚህ ፈረስ ብርቅ ስላልሆነ አከራዬ «አንች ልጅ፣ ሙሽራ የሚያልፍ መሰለሽ?» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ። እኔ ግን ያ ድምፅ በተሰማ ቁጥር የአሥር ዓመት ልጅ ሆኜ፣ በዘንገና ሐይቅና በቆሰበር ከተማ መካከል ባለችው መንደራችን፣ የቀርከሃ አጥራችንን ተደግፌ ማን እንደሚመጣ ስጠብቅ ይታየኛል።

አጥራችን ድሮ እሾህ ነበር። አንድ ክረምት እትየ አትጠገብ የራሳቸውን የእሾህ አጥር አፍርሰው በተሰነጠቀ ቀርከሃ አሠሩ። እትየ አትጠገብ ፈረስ አርቢ ነበሩ፤ ሹመት የላቸው፣ ብዙ ወሬ የላቸው፣ ግን እሳቸው ያደረጉትን መንደሩ ውሎ አድሮ ያደርገው ነበር። ዝናቡ ሳያባራ ጎረቤታቸው ቀርከሃ አስመጣች፣ የእሷን አይታ እህቷ፣ የእህቷን አይተው አማቷ፣ እንዲህ እንዲህ እያለ ወንዙ ዳር ደረሰ። አባየ «እኔ የሰው አጥር አላይም» ብሎ እስከ ነሐሴ ከቆየ በኋላ አንድ ቀን ቀርከሃ ተሸክሞ መጣና፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ለጥጆቹ ይሻላል ብዬ ነው» አለ።

መስከረም ሲጠባ እትየ አትጠገብ የመጨረሻ ልጃቸውን ደብሬን ቆሰበር ትምህርት ቤት አስገቡ። ከመንደራችን እስከዚያ ጊዜ ድረስ ሴት ልጅ ተምራ አታውቅም። ወሩ ሳያልቅ ስድስት ሆንን። እናቴ እኔን የላከችኝ ፊደል ወዳ ሳይሆን «ደብሬ ከገባች» ብላ ነው፤ ምክንያቱ ለእኔ ግድ አልሰጠኝም። ቤት ውስጥ የምናወራው በአገው ቋንቋ፣ በአውኚ፣ ስለነበር መጀመሪያ ላይ አስተማሪው በአማርኛ ሲናገር ግማሹ ያልፈኝ ነበር፤ በጥቅምት ግን ተነሥቼ ለክፍሉ የማነበው እኔ ሆንኩ፣ መንገድ ላይም በጎች እስኪደነብሩ ድረስ እየጮኽሁ አነብ ነበር። አንድ ቦታ መቀመጥ የማልችል ልጅ መጽሐፍ ፊት ብቻ እቀመጥ ነበር።

ኅዳር፣ የገብስ አጨዳ ላይ፣ ደብሬ ሰኞ ቀረች። ማክሰኞም ቀረች። ጎረቤታቸው በትምህርት ሰዓት ግቢ ውስጥ አይታት ረቡዕ የራሷን ልጅ አስቀረች፤ ምንጭ ላይ ስትነግራት እህቷም አስቀረች፤ ወሬው ከምንጩ ወደ አጨዳው ሲሻገር «እትየ አትጠገብ አንድ የሰሙት ነገር አለ» ሆነ፣ ከአጨዳው ወደ ማኅበር ሲገባ ደግሞ «ሴት ተማሪዎቹን ሰብስበው ሩቅ አገር ሊወስዷቸው ነው» ሆኖ ወጣ። ዓርብ ትምህርት ቤት የሄድኩት ብቻዬን ነበር። ስመለስ እናቴ ደብተሬን ተቀብላ ቆጥ ላይ ሰቀለችው።

«ሰኞ አጨዳ ትወጫለሽ።»

«ምን አጥፍቼ?»

«ምንም። እትየ አትጠገብ ያለ ነገር ልጃቸውን አያስቀሩም።»

«ምን ነገር?»

«እሳቸው ያውቃሉ።»

«ጠየቅሻቸው?»

«ይች ምላስሽ። እሳቸው ይጠየቃሉ?»

ለካ ማንም አልጠየቀም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት ውኃ የምቀዳበትን እንስራ ምንጩ አጠገብ ደብቄ እትየ አትጠገብ ግቢ ገባሁ። ደብሬ ጋጣ ውስጥ የባዝራዋን አንገት አቅፋ ቆማለች፣ አንድ እግረ ቀጭን ውርንጭላ ከሥር ይጠባል። ባዝራዋ ስትወልድ ገና የመጀመሪያዋ ስለሆነ ውርንጭላውን እየረገጠች አላጠባ ብላ፣ ከደብሬ በቀር ማንንም አላስጠጋ ስላለች፣ ልጅቷ ሳምንቱን ሙሉ እዚያው ውላለች። ነገሩ ይኸው ነበር።

«እትየ፣ ደብሬን ያስቀሯት ለዚህ ነው?» አልኳቸው።

«ለዚህ ነበር። አሁን ውርንጭላው ጠንክሯል፣ ሰኞ ልልካት አስቤ ነበር» አሉና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «ግን ሰዉ ሁሉ ልጁን አስቀርቷል አሉ። የሰማው ነገር ቢኖር ነው እንጂ። እኔም እንግዲህ ትቅርብኝ ብያለሁ» አሉኝ።



«የሰሙት እርስዎን ነው» አልኳቸው። «እርስዎ ስላስቀሩ አስቀሩ። እርስዎ ደግሞ እነሱ ስላስቀሩ ሊያስቀሩ ነው። መሀል ቤት እኔ ገብስ ላጭድ።»

ደብሬ ፊቷን ባዝራዋ አንገት ላይ ደብቃ ሳቀች። እትየ አትጠገብ አልሳቁም። ዞር ብለው አጥራቸውን አዩና፣ «ይኼንን አጥር እኮ ያሠራሁት እሾህ የሚቆርጥልኝ ሰው አጥቼ ነው» አሉ። ቀጥለውም፣ «ሰኞ ማለዳ ደጃችሁ ላይ ቁሚ።»

ሰኞ ቃጭሉን ሰማሁ። እትየ አትጠገብ ትልቁን ፈረሳቸውን ጭነው፣ ደብሬን ከኋላቸው አፈናጥጠው፣ አቋራጩን ትተው በየሰዉ ደጅ እየዞሩ መጡ። ለማንም ምንም አላሉም። እኛ ጋ ሲደርሱ ብቻ ፈረሱን ገታ አድርገው እናቴን «ልጅሽ ደርሳለች?» አሏት። እናቴ ቆጡ ላይ ዘላ ደብተሬን አወረደችና፣ «ይረፍድባት ይሆን እያልኩ ነበር» አለች። ማክሰኞ ስድስታችንም ክፍል ውስጥ ነበርን።

ይኸው እስከ ሁለተኛ ደረጃ ተምሬ ጨረስኩ። ባለፈው ወር በሰፈሬ ያሉት ወጣት ሴቶች ሁሉ ፀጉራቸውን ሲቆረጡ እኔም ተቆርጬ መጣሁ። አከራዬ «ምን ነካሽ?» ሲሉኝ፣ ሳላስበው «ለሙቀቱ ይሻላል ብዬ ነው» አልኳቸውና የአባየን ቀርከሃ አስታውሼ ብቻዬን ሳቅሁ። ያኔ ነገሩ ከማን እንደተነሣ ይታወቅ ነበር፤ አንድ ግቢ ሄዶ መጠየቅ ይቻል ነበር። ይኼ ፀጉር ግን ከየት እንደመጣ የምጠይቅበትን ደጅ አላውቀውም። ያም ሆኖ ቀሎኛል፣ አምሮብኛልም፤ ቃጭል ስሰማም ያው እወጣለሁ።