የመምህር በሪሁን ደብተርና የከይሪያ ቦታ

ከይሪያ «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ሳትል ውላ አታውቅም። ምክንያትም ነበራት። ባሮ ወንዝ ዳር ያለውን ቦታ ሟች ባሏ ሱሩር ከስልጤ ይዟት መጥቶ፣ በገዛ እጁ መንጥሮ ሱቅ ሠራበት እንጂ አንዲት ወረቀት አልተወላትም። ሜትር የያዘ ሰው ባየች ቁጥር ልቧ ድንግጥ ይል ነበር።

በስድሳ አምስት ዓመተ ምሕረት የጓሮ ክፍሏን ለመምህር በሪሁን አከራየች። ጨዋ ልጅ ነው፤ ክፋቱ ትምህርቱን ሲያዘጋጅ ጮክ ብሎ ማንበቡ። አንድ ጠዋት ልብስ ስታሰጣ ድምፁ በመስኮት መጣ።

«ቦታ ማለት አንድን ነገር የከበበው ወሰን ነው። ባዶ ቦታ የሚባል የለም። ድንጋይ ወደ ታች፣ እሳት ወደ ላይ፣ ሁሉም ወደ ተፈጥሮ ቦታው ይመለሳል።»

ቦታ! ወሰን! ከይሪያ እርጥብ ሻሿን እንደያዘች ክው አለች። «እኔን ወደ ስልጤ ሊመልሰኝ ነው!» አለች በሆዷ።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ ወንዙ ዳር ከዓሣ አጥማጁ ከኦሞድ ጋር ቆሞ አየችውና ጆሮዋን ጣል አደረገች።

«ውሃው ይሄዳል፤ ታዲያ የታሰረችው ታንኳ ቦታዋ የቱ ነው?» አለ መምህሩ።

«ውሃ ይሂድ፤ ቦታ ወንዝ ነው፣ ወንዝ አይሄድም» አለ ኦሞድ እየሳቀ።

«የጥንት ግሪኮችም እንዲሁ ብለዋል!»

ከይሪያ የምታውቀው ግሪክ፣ መርከብ ከሱዳን ይመጣ በነበረበት ዘመን ቡና ይገዛ የነበረውን ነጋዴ ብቻ ነው። ለካ ለቦታዋ ገዢም ተገኝቷል!

በማግስቱ መምህሩ ሲወጣ ደብተሩን አነሳች። ማንበብ ስለማትችል ለጎረቤቷ ለፈረጅ ወሰደችለት። ፈረጅ ጆሮ ጠቢ እንደሆነ ከተማው ሁሉ ያውቃል፤ እሷም ታውቃለች። ግን ቦታዋ በለጠባት።

«ስላንቺ ቦታ የተጻፈ የለም» አላት ገለጥ ገለጥ አድርጎ። ከዚያ ጣቱ አንድ መስመር ላይ ቆመ። «'እንቅስቃሴ ሁሉ አንቀሳቃሽ አለው። የመጀመሪያው አንቀሳቃሽ ማነው?'» ብሎ አነበበና ደብተሩን ዘጋው። «ይሄ እኔ ጋ ይቆይ።»

የተማሪዎች እንቅስቃሴ መንግሥትን እንቅልፍ የነሣበት ጊዜ ነበር። ዓርብ ዕለት ሁለት ፖሊሶች በሪሁንን ሊወስዱት መጡ። ከይሪያ በሩ ላይ ቆማ በራሷ አፈረች።

በአጠገቧ ሲያልፍ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እትዬ ከይሪያ፣ ደብተሬ ጠፍቶብኛል። እዚህ አገር ከእርስዎ ሌላ የማምነው የለኝም። ካገኙት ይደብቁልኝ።»

«እሺ ልጄ» አለችው፤ «እደብቅልሃለሁ።»